ዓሣ ሊጎበኙ ስለ ወረዱ ደገኞች

ደገኛ ሰው ባሕርን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። ገና በፊደል ገበታው ላይ ሳለ ከየኔታ እግር ሥር ሆኖ የሰማው ባሕር ፈርዖንን ከነሠረገላውና ከነሠራዊቱ ያሰጠመ፣ ነቢዩ ዮናስን ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በከርሠ ዐንበሪ ያሳደረ፣ በኖኅም ዘመን ከተራሮች ራስ በላይ የወጣ ነውና፣ ዕድሜ ሰጥቶት ከእውነተኛው ባሕር ዳር በቆመ ጊዜ ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው በመሮጥ ፈንታ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ፈሪ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም፤ የተማረውን ያልዘነጋ ደቀ መዝሙር ነው እንጂ። እኔም ከዚሁ ማኅበር ነኝ። ዋና የተማርሁት ሶደሬ፣ የገንዳውን ጠርዝ በአንድ እጄ እንደ ጨበጥሁ ሲሆን፣ ጠርዙን ለቅቄ የሄድሁበት ርቀት በጽሑፍ ሊቀመጥ የሚበቃ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ፣ በጅቡቲ ወደብ በትራንዚተርነት የሚሠራው የእኅቴ ልጅ ኅዳር ሲጋመስ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ ይምጡና ከዌል ሻርክ ጋር ላዋኝዎ» ያለው። እኔ ለይቼ የሰማሁት «ሻርክ» የሚለውን ብቻ ነበርና፣ ሰላምታውን ሳልመልስ ጥርስ እንዳለው ጠየቅሁት። «አለው፤ እንዲያውም ወደ 3,000 ይደርሳል» ካለ በኋላ፣ ዝምታዬ ስለ ረዘመበት ይመስለኛል፣ እያንዳንዱ ጥርስ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እንደማይበልጥ፣ ዓሣውም በዚያ ሁሉ ጥርስ የሚያኝከው አንዳች ነገር እንደሌለ ቸኩሎ ጨመረልኝ። የማያኝክበትን ጥርስ በሺህ የሚቆጥር ባለጸጋ ምን እንደሚመስል ለማየት ልቡናዬ ፈቀደና፣ ከለቡ ጣቢያ በኤሌክትሪኩ ባቡር ተሳፍሬ ወደ ናጋድ ወረድሁ።

ስለ ዓሣው አስቀድሞ ጥቂት መናገር ይገባል። ዌል ሻርክ ዓሣ ነባሪ አይደለም፤ ዓሣ ነባሪ በሳንባ የሚተነፍስና ልጁን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ሲሆን፣ ይህ ግን በስንጥብ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ፣ በዓለም ካሉትም ዓሦች ሁሉ ታላቁ ነው። እስከ 18 ሜትር የሚደርስ ይገኝበታል። በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት መዝገብ ያስገባው ስኮትላንዳዊው የጦር ሐኪም አንድሩ ስሚዝ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1828፣ ቦታውም ዓሣ አጥማጆች አንዱን በጦር የወጉበት የደቡብ አፍሪቃው ቴብል ቤይ ነው። ይህን የሚያህል አካል የሚኖረው ፕላንክተን በሚባሉት ደቂቅ ፍጥረታት፣ በዓሣ ዕንቁላልና በጥቃቅን ዓሦች ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከመንፈቅ የሚደርስ አፉን ከፍቶ ውሃውን ከነነዋሪው ያስገባና፣ ውሃውን በስንጥቡ አሳልፎ ነዋሪውን ያስቀራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይህ ደቂቅ ፍጥረት ስለሚበዛ፣ ዓሦቹ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ ባለው በአርታ ጠረፍ፣ ከዳርቻው እጅግ ሳይርቁ ይሰበሰባሉ።

ለጉዞው የተቆረጠው ቀን ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነበር። ማለዳ ከወደቡ ስንደርስ ጀልባይቱ ተዘጋጅታ ቆይታናለች፤ ካፒቴኑ ሽርጥ የታጠቁ፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ የአፋር ሽማግሌ ሲሆኑ፣ አስጎብኚው ደግሞ አማርኛን ከኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሾፌሮችና ከዘፈን የለቀመ፣ ስለዚህም አንደበቱ ስድብና ፍቅር የበዛበት ጎልማሳ ነበር። እኔን ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ «አባባ» እያለ ይጠራኝ ጀመር። የእኅቴ ልጅ ጋሼ ሲለኝ ስለ ኖረ ዕድሜዬን ሰምቼው አላውቅም ነበርና፣ ይህ የባዕድ አገር ልጅ በአንድ ቃል ሽማግሌ ሲያደርገኝ የባሕሩን ፍርሃት ለጊዜው አስረስቶኛል። ከእኛ ጋር የተሳፈሩት ከፈረንሣይ ጦር ሠፈር የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ እነርሱ ፀሐይ ለመሞቅ ሲገላለጡ እኔ ነጠላዬን ደርቤ ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።

የጉዞው ሰዓት የተቀመረው በዓሣው ልማድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። በጅቡቲ ሰዓትን የሚቀምረው ከሐረርጌ ደጋ በየዕለቱ ወርዶ ቀትር ላይ የሚደርሰው ጫት ሲሆን፣ ጀልባም፣ ገበያም፣ ጽሕፈት ቤትም ለዚህ ሥርዓት ይገዛሉ፤ ካፒቴኑም ከባሕሩ ይልቅ ፀሐይቱን አብዝተው የሚመለከቱት ስለዚህ ነበር። የአገሬ ምርት በባዕድ ባሕር ላይ ይህን ያህል ሥልጣን እንዳለው ባየሁ ጊዜ ኩራትና ሐዘን በአንድነት ተሰማኝ።

በስተ ግራ ደረቁ ተራራ ዐመድና ቡና መልክ እየለዋወጠ ሲያልፍ፣ ከማዶ በስተ ሰሜን ነጫጭ መስጊዶች ያሏት ታጁራ እንዳለች አስጎብኚው በጣቱ አሳየን። ፈረንሣዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1886 የሚበዛውን ዓመት በዚያች ከተማ የፈጀው፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ጭኖ የሚነሣበትን ዕለት በመጠባበቅ ነበር፤ በመጨረሻም ሸዋ በደረሰ ጊዜ ንጉሡ ዋጋውን ቈርጠውበት ባዶ እጁን ሊመለስ ምንም አልቀረው። ፈረንሣዮቹ ይህን ታሪክ ከእኔ ሲሰሙ ብዙም ደስ አላላቸውም።

አርታ ስንቃረብ አስጎብኚው ሕጉን ይነግረን ጀመር። ከዓሣው ገላ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ፤ አለመንካት፤ በካሜራ መብራት አለመብረቅ፤ በላዩ ላይ ዘልሎ አለመውደቅ፤ በፊቱ ቆሞ መንገዱን አለመዝጋት። ትእዛዛቱን አንድ በአንድ በቃሌ ያዝኋቸው፤ እንዲህ ለሕይወታችን የሚጠነቀቅ ልጅ ስለሰጠንም ፈጣሪን አመሰገንሁ። ቆይቼ ስጠይቀው ግን ሕጉ ሁሉ የተደነገገው ዓሣውን ከእኛ ለመጠበቅ መሆኑን፣ እኛን ከዓሣው ስለ መጠበቅ የተጻፈ አንዲት አንቀጽ እንደሌለች በሳቅ አስረዳኝ።

ከዚያ በኋላ የአለባበሱ ሥርዓት ሆነ። የብርቱካን መልክ ያለው መንሳፈፊያ ሰደርያ አጠለቁልኝ፤ በእግሬ ረዣዥም የጎማ መቅዘፊያ አገቡልኝ፤ ከዓይኔና ከአፍንጫዬ ላይ መነጽሩን አጥብቀው፣ በአፌ መተንፈሻ ቱቦውን አጎረሱኝ። በዚህ ሁሉ ትጥቅ መካከል ችግር የሆነው ከወጣትነቴ ጀምሮ በክብር ያኖርሁት ጢሜ ነው፤ የመነጽሩ ጎማ ከገላ ጋር መጣበቅ ሲገባው ጢሙ እየከፈተለት ውሃው በዚያ ሾልኮ ይገባል። ሰደርያው በበኩሉ ጀርባዬን ወደ ባሕር፣ ፊቴን ወደ ሰማይ አድርጎ ያንሳፍፈኝ ነበርና፣ ዓሣ ልጎበኝ የመጣሁት ሰው ለረጅም ጊዜ ያየሁት የጅቡቲን ሰማይ ብቻ ነው። በኋላ አስጎብኚው ክንዴን ይዞ «አባባ፣ ወደ ታች! ወደ ታች!» እያለ ገለበጠኝ።

ያን ጊዜ አየሁት። አረንጓዴው ውሃ ውስጥ መጀመሪያ የታየኝ ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ ነጠብጣቡም በረድፍ በረድፍ ሆኖ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰፊው ራስ፣ ከራሱም ዳርና ዳር ትንንሾቹ ዓይኖች፣ ከሆዱ ሥር የተለጠፉትም ተጓዥ ዓሦች የታዩኝ። ርዝመቱ 5 ሜትር ያህል ነበር። የእያንዳንዱ ዓሣ ነጠብጣብ አቀማመጥ ከሌላው ስለሚለይ ተመራማሪዎች ዓሦቹን እያንዳንዳቸውን የሚያውቋቸው በዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው የመለያ ዘዴያቸውም መነሻው የከዋክብትን አቀማመጥ ከፎቶግራፍ ለማመሳከር የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ያወጡት ስሌት ነው። ያ ሁሉ የጥርስ ሀብት በአፉ ብቻ እንዳልተወሰነ ደግሞ በኋላ አነበብሁ፦ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቁት፣ የዓይኑ ኳስ ሳይቀር በጥቃቅን ጥርስ መሰል ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ሲያስፈልገውም ዓይኑን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል።

ይህን ንባብ ግን ያኔ አላውቀውም። የማውቀው፣ ዓሣው አፉን ከፍቶ በቀጥታ ወደ እኔ መምጣቱን ነበር። በቱቦው ውስጥ «አቡነ ዘበሰማያት» ማለት ጀመርሁ፤ ከውሃው በላይ ምን ዓይነት ድምፅ ሆኖ እንደ ወጣ ፈረንሣዊቱ ሴት ትመስክር። ጉሮሮው ጠባብ ስለሆነ ሰው ሊውጥ አይችልም፤ ስለዚህም ዮናስን የዋጠው ሌላ ፍጥረት መሆን አለበትና ያን ለመተርጉማን እተወዋለሁ። እኔ ግን ያን ጊዜ የጉሮሮውን ስፋት ለመለካት ፋታ አልነበረኝም። እርሱም ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ዘንበል አለና፣ እንዲያው ያለ ሰላምታ፣ በጎኔ አለፈ።

«ዓሣውም በጎኑ አለፈ» የሚለውን ኃይለ ቃል እንደ ሊቃውንቱ ልማድ እንተርጉመው ብንል፦ ማለፉ ስላላየኝ ነው፤ ዓይኖቹ ከራሱ ግራና ቀኝ እንጂ ከፊቱ አይደሉምና። አንድም፣ አይቶኛል፤ ነገር ግን ከፕላንክተን ስለምበልጥ ለማዕዱ አልበቃሁም። አንድም፣ የሰደርያው ቀለም አስጸይፎታል። አንድም፣ ወቅቱ ጾመ ነቢያት መሆኑን ዐውቆ ከሥጋ ተከልክሏል፤ ይህ የመጨረሻው ግን የእኅቴ ልጅ ትርጓሜ ስለሆነ ምስክር አይጠራለትም። በአገራችን ሰው በሰው ደጃፍ ሲያልፍ ቤትህ እንዴት ነው፣ ከብትህ እንዴት ነው ሳይል አይሄድም፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ድረስ ወርዶ ለመጣ እንግዳ ፊቱን እንኳ አለማዞሩ ቅር አሰኝቶኛል። እርሱ ግን ለከፍታና ለዝቅታ ግድ የለውም፤ ወገኖቹ ከ1,900 ሜትር በላይ ወደ ጥልቁ እንደሚወርዱ በመሣሪያ ተመዝግቧል።

ሌሎቹ ተከትለውት ዋኙ። ዓሣው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ የዘገየ ይመስላል፤ ሆኖም ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ፈረንሣዊው ባል ከነብርታቱ ወደ ኋላ ቀረ። እኔ ከጀልባይቱ ገመድ ሳልርቅ ሌሎች ሲመጡ ተመለከትሁ፤ አንዱም ቀጥ ብሎ በውሃው ውስጥ ቆሞ፣ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ሲጠጣ ቆየልኝ። በታጁራ የሚሰበሰቡት አብዛኞቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ወንዶች ናቸው፤ እንደ ሠፈር ጎረምሶች ምግብ ባለበት ማዕዘን ተኮልኩለው የሚውሉ ሲሆን፣ እናቶቻቸው ግን በዚያ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1995 በታይዋን የተያዘች አንዲት ሴት በማኅፀኗ 300 ያህል ፅንስ ይዛ ተገኝታለች፤ በየትኛው ባሕር እንደሚወልዱ ግን እስከ ዛሬ ያየ ሰው የለም።

ወደ ጀልባይቱ ወጥተን ምሳ ሲቀርብ ባሕረኞቹ የተጠበሰ ዓሣ ዘረጉልን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በመሬት ላይ ያላለቀ ስለሆነ በባሕር ላይ ልንቋጨው አልሞከርንም፤ የእኅቴ ልጅ በላ፣ እኔ ከቤት የያዝሁትን እንጀራ በሽሮ ፈታሁ፤ ካፒቴኑም ሁለታችንንም ትተው ፀሐይቱን ተመለከቱ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከጎኔ ያለፈው ዓሣ ጀርባ ላይ፣ ነጠብጣቡን አቋርጠው የሚሄዱ ነጫጭ ጠባሳዎች በተርታ ነበሩ። ምን እንደሆኑ አስጎብኚውን ስጠይቀው እስከዚያ ድረስ ሲስቅ የዋለው ልጅ ሳቁን አቆመ፤ የጀልባ ሞተር የቆረጠው ነው አለኝ። ዓሣው የሚበላው በውሃው ገጽ ላይ ነው፤ ከጫት ሰዓት የሚሽቀዳደመው ጀልባም የሚሄደው በዚያው ገጽ ላይ ነው። ይህንኑ በዓይኔ አየሁ፤ የሌላ ቡድን ጀልባ ዓሦቹ ወዳሉበት ሞተሩን እያስገመገመ ገብቶ፣ ጎብኚዎቹን እንደ ጣለ ወዲያው ዞሮ ሲወጣ፣ የእኛ ሽማግሌ ካፒቴን በአፋርኛ የተናገሩትን የእኅቴ ልጅ ሊተረጉምልኝ አልፈቀደም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጥፋት አደጋ ከደረሰባቸው ፍጥረታት መዝገብ አስገብቶታል፤ ባለፉት 75 ዓመታት ቁጥሩ ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰ ይገመታልና።

ስለዚህ በዚህ ወቅት ለንግድም ለጉብኝትም ወደ ጅቡቲ የምትወርዱ ወገኖቼ፣ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን፣ ካፒቴኑ ዓሦቹ ዘንድ ሲደርስ ሞተሩን የሚያጠፋ እንደሆነ ጠይቁ፤ አላጠፋም የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ጢማችሁንም ከመሳፈራችሁ በፊት ተላጩ።