ጎፈር ያላጠለቀ ወታደር የት ይግባ?

የስትራቴጂ ጌም የሚጫወት ሰው አንድ ቀን «ኧረ ይሄ ወታደር እንዲህ አልነበረም የሚለብሰው» ማለቱ አይቀርም። ብሎ ከተወው ጤነኛ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ «እኔው ላስተካክለው» ካለ ግን ነገር ተበላሸ፤ ከዚያ ወዲያ የእኛ ቢጤ ነው። እኛ ማለት አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሻሸመኔ ቀን በየሥራችን ውለን ማታ ቬንትሌተር ሥር የጥንት ወታደር ስናለብስና ስናስታጥቅ የምናመሽ ሞድ ሠሪዎች ነን። ክፍያ የለው፣ ምስጋና የለው፤ ወቃሽ ግን ሞልቷል።

እሮሮው ከፈረንጆቹ ይጀምር። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲያስገባ ፈነጠዝን። ወታደሩን ስትነካው በአማርኛ ይመልሳል! ደስታው ግን አልቆየም። የኢትዮጵያ ልዩ ወታደር ተብሎ የመጣው ሾተል ያዥ ነው። በ2021 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3» ኢትዮጵያን ሲጨምርም ያው ሾተል ያዥ አብሮ መጣ። ሾተል አልነበረም አላልንም፤ ቆልማማው ስለት ጋሻ የመከተውን ሰው በጎን ዞሮ ለመውጋት እንዴት እንደሚያመች እናውቃለን። ነገር ግን የዚህ አገር ተራ ወታደር ለብዙ መቶ ዓመታት የተዋጋው በጦርና በጋሻ ነው። ባለ ጦር በየአገሩ ስላለ ገበያ አያወጣም መሰል፣ ቆልማማው ሰይፍ ተመረጠ።

«ሲቪላይዜሽን»ም አልተሻለም። በ2007 በወጣው የአራተኛው ክፍል ማስፋፊያ የኢትዮጵያ መሪ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ንጉሡ የተወለዱት በፈጠጋር፣ እዚሁ እኛው አካባቢ አዋሽን ይዞ በተዘረጋው አገር ስለሆነ ኮራን። የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው። ልዩ ወታደራቸው ግን «ኦሮሞ ተዋጊ» የተባለ ጠመንጃ ያዥ ሆኖ ተገኘ። በ2020 በስድስተኛው ክፍል ምኒልክ መጡ፤ ኦሮሞው አሁን ጠመንጃውን ጥሎ ፈረስ ላይ ወጥቷል፣ ዘመኑም ወደ መካከለኛው ዘመን ወደ ኋላ ሄዷል። አባ ባሕርይ በ1593 በጻፉት ድርሰት ግን ኦሮሞ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥ የጀመረው በመስሌ ሉባ፣ ማለትም በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ እንደሆነ ይናገራሉ። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት ይቺን አጭር ድርሰት የሚያነብለት ሰው አጣ?

በሕንዶቹ እንቀናለን። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ያን ሁሉ አገር «ሕንዶች» ብሎ በአንድ ስም ጠቅልሎት ነበር። በ2022 ግን ጉርጃራ፣ ድራቪዲያንና ቤንጋሊ ለየብቻ ወጡ፤ የቀድሞዎቹ «ሕንዶች»ም ሂንዱስታኒ ተባሉ። ማስረጃውም ቢሆን አላቸው። የጥንት ሕንዳዊ ቀስተኛ ልሥራ የሚል ሞድ ሠሪ አሪያን የተባለውን ጸሐፊ ይከፍታል፤ ቀስቱ የሰው ቁመት ያህል እንደሆነ፣ አንዱን ጫፉን መሬት አስደግፎ በግራ እግሩ እየረገጠ እንደሚስበው ያገኛል። አልበቃ ካለው የሳንቺ ቅርጽ አለ፤ ከነቀስቱ፣ ከነጋሻው በድንጋይ ተቀርጾ ቆሞለታል።

እኛስ? የአክሱም ሳንቲም ላይ ንጉሡን በስንዴ ዛላ ተከቦ እናየዋለን፤ ተራ ወታደር የለበትም። የኢዛና ጽሑፍ ማሐዛና ሐራ የሚባሉ ጭፍሮችን በስም ይጠራል፤ ምን እንደለበሱ አይነግረንም። የ6ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ማላላስ የአክሱሙ ንጉሥ አራት ዝሆን በሚጎትተው ሠረገላ ላይ ቆሞ፣ በወርቅ የተለበጠች ትንሽ ጋሻና ሁለት ጦር ይዞ እንደታየ ጽፏል። ይህን ያነበበ ሁሉ «የጦር ዝሆን ይግባልን!» ብሎ ይጮኻል። ወዳጄ፣ ያ ንጉሥ መልእክተኛ እየተቀበለ ነበር እንጂ ጦር ሜዳ ላይ አልነበረም! የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንይ ካልንም ሰዓሊው የገዛ ዘመኑን ነው የሚስለው፤ የፈርዖንን ሠራዊት ጠመንጃ አስይዞ ባሕር ውስጥ ያሰጥመዋል።

ሙዚየም ልሂድ ካልክ አዲስ አበባ ድረስ ትወጣለህ። ጋሻው መስታወት ውስጥ አለ፤ ሥሩ «ጋሻ» ተብሎ ተጽፏል። ጋሻ መሆኑንማ መቼ አጣነው! የማን ነው? የስንት ዓመት ነው? የጎሽ ቆዳ ነው የጉማሬ? መልስ የለም። ስልክህን ስታወጣ ጥበቃው «ፎቶ ክልክል ነው» ይልሃል።

ከፈረንጁም ከሙዚየሙም በላይ የሚያደክመን ግን የራሳችን ሰው ነው። የአክሱም ወታደር ሠርተን ስናሳይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎፈሩስ?» ነው። የአንበሳ ጎፈር፣ ለምድ፣ ያጌጠ ጋሻ። ይህ በአድዋ ዘመን በነበሩ ፎቶዎች ያየነው የመኳንንትና የጀግኖች ማዕረግ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሠራዊቱ በሙሉ አላጠለቀውም። አንበሳስ ከየት መጥቶ ይዳረስ? ለ4ኛው መቶ ዘመን ወታደር ይህን ማልበስ፣ ኢዛናና ምኒልክ መካከል ያለውን 1,500 ዓመት እንደሌለ መቁጠር ነው። «ጎፈር ከሌለው ኢትዮጵያዊ አይመስልም» ያለን አለ። ለማን ነው የማይመስለው? ፈረንጁ በሾተል ያደረገብንን እኛው በጎፈር እየደገምነው ነው። ሁለት ሺህ ዓመት በአንድ ልብስ የኖረ ሕዝብ ታሪክ ያለው ሳይሆን ዩኒፎርም ያለው ነው።

አገር ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው። ኦሮሞ ፈረሰኛን ለብቻው ስናወጣ «ለምን ነጠላችሁት?» የሚል ይመጣል። ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ስናሰልፈው «ለምን ጨፈለቃችሁት?» የሚል ይነሣል። ኮርቻው ትክክል ነው ወይ፣ እርካቡስ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልመጣም።

በሽምብራ ኩሬው የደረሰብን ደግሞ ይባስ። ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ በ1529 የተጋጠሙበት ይህ ስፍራ ከሞጆ ብዙም የማይርቅ ነው። የሞጆን ደረቅ ወደብ የማያውቅ ሾፌር የለም፤ ሽምብራ ኩሬ ስትለው ግን ምግብ ቤት ይመስለዋል። ቤታችን ደጃፍ የሆነ ነገር ነውና በጉጉት ተነሣን። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ የንጉሡን ሠራዊት ከ16,000 በላይ ፈረሰኛና 200,000 እግረኛ፣ የኢማሙን 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ያደርገዋል። የጌሙ መደበኛ ልክ ለአንድ ተጫዋች 200 ነው። ስናሳንስ ተጫዋቹ «ንጉሡን አዋረዳችሁ»፣ ስናበዛ ኮምፒውተሩ ይተኛል። ጥሩርና የብረት ራስ ቁር የለበሱ ፈረሰኞች ስናስገባ «ይሄ የፈረንጅ ነው» ተባልን። መጽሐፉ ውስጥ እኮ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ሞልቷል! «የኢማሙ ጦር ጠመንጃ ይታጠቅ» የሚለውም አላረፈም። ስመ ጥሩዎቹ 900 የቱርክ ጠመንጃ ያዦች የደረሱት በ1542 ነው፤ የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋሎችም በ1541። አሥራ ምናምን ዓመት ጠብቁ ብንል ማን ይስማን!

ይህ ሁሉ መብራት ሲኖር ነው። አዳማ ፀሐይና ነፋስ ነሥቷት አያውቅም፤ መብራት ግን የፈረሱ ሬንደር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ይሄዳል። ሲመለስ ኔትወርኩ ይሄዳል። ሁለቱም ሲመጡ የዳታ ጥቅሉ አልቋል። አቧራው የላፕቶፑን ፋን ስለሚደፍነው ማሽኑ ከሞቀ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ይቀመጣል። «ታዲያ ምን ታገኝበታለህ?» ትላለች እናት፤ ለዚህ መልስ ያለው ሞድ ሠሪ እስካሁን አልተወለደም።

ስለዚህ አስቀድመን እንናገር። በሚቀጥለው ስሪት የኢዛና ወታደር ጎፈር የለውም፤ ጦርና ጋሻ ይዞ ይወጣል። ጎፈር የናፈቀው የአድዋውን ክፍል ይክፈት፣ እዚያ ለሚገባቸው ሰጥተናል። የጦር ዝሆን የለም። ስህተት ያገኘብን ሰው በደስታ እንቀበለዋለን፤ መጽሐፉንና ዓመቱን ብቻ ይዞ ይምጣ። «አያቴ ነግሮኛል» የሚለን ደግሞ አያቱ በኢዛና ዘመን ስንት ዓመታቸው እንደነበር አብሮ ይጻፍልን።