ከርነሉ ታደሰ፣ ፕሮሰሰሩ ፈዘዘ
የዘመኑ ፕሮሰሰር ቀኑን ሙሉ በአንድ ፍጥነት አይሠራም። ሥራ ሲበዛበት ወደ 3 እና 4 ጊጋኸርዝ ይወጣል፤ ሥራ ሲፈታ ወደ 800 ሜጋኸርዝ፣ አንዳንዱም ከዚያ በታች ይወርዳል። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁም ስለሚቀንስ ባትሪው ይበረክታል፣ ማራገቢያውም ጩኸቱን ይተዋል።

በሊኑክስ ይህን ሥራ በከርነሉ፣ ማለትም በሥርዓቱ እምብርት፣ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ይካፈሉታል። ገቨርነሩ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንዲሮጥ ይወስናል፤ ድራይቨሩ ውሳኔውን ለቺፑ ያደርሳል። በአንድ ጊዜ ሥራውን የሚይዘው ድራይቨር አንድ ብቻ ነው። ቀድሞ የተመዘገበው ወንበሩን ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣው እንደ ከርነሉ ዕድሜ «መሣሪያው ተይዟል» ወይም «እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም» ተብሎ ይሸኛል። ሁለተኛው መልስ በተለይ ያናድዳል፤ የለም የተባለው መሣሪያ ጭን ላይ ተቀምጦ ሱሪ እያሞቀ ነውና።

ከርነል ሲታደስ የሚሆነው ሹም በተቀየረበት መሥሪያ ቤት የሚሆነው ነው። ባለጉዳዩ ያው፣ ጉዳዩም ያው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግን ሌላ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የወጣው ከርነል 3.7 ፓወርናው-ኬ8 የተባለውን ነባር ድራይቨር ከአዳዲሶቹ የኤኤምዲ ቺፖች አንሥቶ ሥራቸውን ኤሲፒአይ-ሲፒዩፍሬክ ለተባለው ድራይቨር ሰጠ። የቀድሞው ሹም ሲጠራ የሚጽፈው መልእክት «ይህ ፕሮሰሰር ከእንግዲህ በእኔ ሥር አይደለም፤ ወደዚያኛው ሂዱ» ለማለት ነው። ብዙ ሰው ግን «ከእንግዲህ አይደገፍም» የሚለውን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ አንብቦ ለደህና ማሽን ለቅሶ ተቀመጠ።

በኢንቴል በኩል ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ2013 ከከርነል 3.9 ጋር የመጣው ኢንቴል ፒ-ስቴት የተባለ ድራይቨር በራሱ አሠራር ሲሄድ ሁለት ገቨርነሮችን ብቻ ያውቃል፤ ፐርፎርማንስ እና ፓወርሴቭ። ለዓመታት የተለመደው ኦንዲማንድ የተባለው ገቨርነር ከዝርዝሩ ጠፋ፤ ማሽኑ ሲነሣ ኦንዲማንድን የሚጠሩ ስክሪፕቶችም ስህተት መልቀም ጀመሩ። የባሰው ግን ስሙ ሳይቀየር ጠባዩ የተቀየረው ፓወርሴቭ ነው። በነባሮቹ ድራይቨሮች ሥር ፓወርሴቭ ማለት ፍጥነቱን ታችኛው ወለል ላይ ቸንክሮ መያዝ ነው፤ ሥራ ቢመጣ ባይመጣ ንቅንቅ የለም። በኢንቴል ፒ-ስቴት ሥር ግን ሥራ ሲመጣ ፍጥነቱን ያነሣል፤ በተግባር የቀድሞውን ኦንዲማንድ ይመስላል። ስሙን አይቶ የደነገጠ ተጠቃሚ ወደ ፐርፎርማንስ ይለውጥና ማታ ባትሪውን ይረግማል።

ግልባጩም ደርሷል። በ2020 ፍጥነታቸውን ራሳቸው ማስተዳደር በማይችሉት የቆዩ የኢንቴል ቺፖች ላይ ይኸው ድራይቨር ገቨርነሩን ለከርነሉ የጋራ አሠራር እንዲተው ተደረገ። በዚህ አሠራር ፓወርሴቭ ወደ ቃል በቃል ትርጉሙ ተመለሰ። ከዓመታት በፊት «ፓወርሴቭ ይሁን» የሚል መስመር በጅማሬ ስክሪፕቱ ውስጥ ትቶ የረሳ ሰው፣ ምንም ሳይነካ ማሽኑን በ800 ሜጋኸርዝ ታስሮ ሊያገኘው ይችላል። ጥፋቱ የከርነሉ ነው ወይስ የስክሪፕቱ? ሁለቱም እንደ ሰነዱ ሠርተዋል፤ ከሁሉ የሚያበሳጨውም ይኸው ነው።

ለኤኤምዲ በ2022 ከከርነል 5.17 ጋር የራሱ ፒ-ስቴት ድራይቨር ደረሰው። ይህ ደግሞ ሲፒፒሲ የተባለው አገልግሎት በባዮሱ ውስጥ ካልተከፈተለት ሥራ አይጀምርም፤ ነባሩ ኤሲፒአይ ድራይቨር ቦታውን እንደያዘ ይቀጥላል።

ከርነሉ በሐሰት የሚከሰስበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ላፕቶፖች የቻርጀራቸውን ማንነት ይፈትሻሉ፤ የማያውቁት ከተሰካባቸው ፕሮሰሰሩን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ያወርዱታል። ቻርጀሩ የተቀየረውና ከርነሉ የታደሰው በአንድ ሳምንት ከሆነ ዕዳው ሁሉ ከርነሉ ላይ ይወድቃል። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሞከር ይህን ጥርጣሬ ቶሎ ያጠራል።

ምርመራው የሚጀምረው ስኬሊንግ ድራይቨር የተባለውን ፋይል በማንበብ ነው፤ አሁን ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው። ቀጥሎ ስኬሊንግ ገቨርነር ይነበባል። ፍጥነቱ የሚጻፈው በኪሎኸርዝ ስለሆነ 800000 ያየ ሰው በቁጥሩ ርዝመት አይደሰት። ሲፒዩፓወር የተባለው መሣሪያ ይህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ያሳያል፤ በኡቡንቱ ግን ከከርነሉ ቁጥር ጋር የሚገጥም ጥቅል ስለሚፈልግ ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ከርነሉ በታደሰ ማግስት፣ «የለሁም» ይላል።

ከዚያ ግሩብ በተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ ማስነሣት ነው። በቀድሞው የሚሮጥ፣ በአዲሱ የሚያንቀላፋ ከሆነ ክሱ መሠረት አለው። የኢንቴል ማሽን ባለቤት ለጊዜው በማስነሻ መስመሩ ላይ ኢንቴል ፒ-ስቴትን ዘግቶ ነባሩን ድራይቨር መመለስ ይችላል። ትክክለኛው ፈውስ ግን ለከርነሉ ሰዎች ማሳወቅ ነው፤ ትናንት ይሠራ የነበረን ነገር ዛሬ ማበላሸት የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አጥብቆ የሚቃወመው ጉዳይ ነውና ሰሚ አለው። ትዕግሥት ያለው ሰው ጥፋተኛውን ለውጥ በግማሽ በግማሽ እየከፈለ ያድነዋል፤ 10,000 ለውጥ ቢኖር 14 ያህል ሙከራ ይበቃል። ሪፖርቱ ላይ የሁለቱ ከርነሎች ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩ ሞዴል፣ የድራይቨሩና የገቨርነሩ ስም ይጻፍ። «ኮምፒውተሬ ዘገየ» ብሎ ብቻ የላከ ሰው ግን መልስ ባይጠብቅ ይሻለዋል።