ለጠጠር የተሰጠ ኃላፊነት

እንግሊዝ አገር፣ ብራይተን ከተማ፣ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልብስን አውልቆ ፀሐይ መሞቅ የተፈቀደበት የባሕር ዳርቻ አለ። አሸዋ እንዳይመስላችሁ፤ ጠጠር ነው። ራቁት ገላ በጠጠር ላይ! (የእኛ ባሕታዊ እንኳ ሰሌን አያጣም።) ከበስተኋላው ደግሞ በ1883 ሥራ የጀመረው የቮልክ ኤሌክትሪክ ባቡር ሕፃንና አያት ጭኖ ዝግ እያለ ያልፋል። ስለዚህ ሰው ያወለቀውን ዳርቻው ለበሰ፤ ጠጠሩ ተቆልሎ መከለያ ሆነ። ከመከለያው ማዶ ያሉት ገላቸውን ረስተው ጋዜጣ ያነባሉ፤ አንዱ ባርኔጣ ብቻ አድርጎ ሻይ ከፔርሙስ ይቀዳል። ጭንቁ ያለው ከወዲህ ነው፤ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈው ጨዋ መንገደኛ፣ የጫማ ክሩ የሚፈታበት ሁልጊዜ ቁልሉ አናት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ጎንበስ ይላል፣ ያስራል፣ ቀና ብሎ አድማሱን ይቃኛል፤ ወይ ጉድ፣ ያኛውም እግር ተፈታ!