«ባትሪው ነው»

መካነ ሰላም ላይ ቤት ስከራይ፣ አከራዬ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። እኔ የምፈልገው ቁልቁለት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት መንገዱ ዘቅዘቅ ይላል ወይ? አንዲት አሮጌ ሃይሉክስ በራሷ ክብደት ተንከባልላ በሁለተኛ ማርሽ እስክትነሳ የሚበቃ ቦታ አለው ወይ? «አለው ልጄ» አሉኝ፣ ግራ በገባው ዓይን እያዩኝ። ቀብድ ከፈልኩ።

መኪናዬ አትነሳም ማለቴ አይደለም። ትነሳለች፤ ሲያሰኛት። ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዘው አንዲት «ጠቅ» ታሰማኝና ዝም ትላለች። ደግሜ ስሞክር «ጠቅ»። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሞተሯ ይነሳል፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጨዋ ሆና ትሰነብታለች። ጋራዥ ስወስዳትማ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚለቀው ልጅ፣ በአንድ ንክኪ ተነስታ ታሳፍረኛለች። ለቅሶ ስደርስ ሞተሯን አላጠፋም፤ ድንኳኑ ጎን ቆማ ከአልቃሾቹ እኩል ታጉረመርማለች። ወደ ጉንደወይን ስወርድም አባይ በረሃ ውስጥ ቆሜ ሽንቴን የምሸናው ናፍጣ እየተቃጠለ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ አመለኛ በሽታ አገራችን የታደለችው አንድ ምርመራ አለ። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት እሱን ለማመስገን ነው። ምርመራው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ባትሪው ነው።»

ውበቱ ኮፈን ሳይከፈት መነገሩ ላይ ነው። የከተማችን ሊቅ የሻይ ብርጭቆውን እንኳ ሳያስቀምጥ «አብሽር ጋሼ፣ ባትሪው ነው» አለኝ። አብሽር በወሎ ስንት ሐዘንተኛ ያጽናና ቃል ነው፤ እኔም ተጽናናሁ። አዲስ ባትሪ ከደሴ ተጫነ። በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ብርድ አቋርጦ፣ ቅጥቅጥ አይሱዙ ጣሪያ ላይ ከበግና ከፍራሽ ጋር ተጠፍንጎ ደረሰ። አሮጌው ባትሪ «ለክፉ ቀን ይሆናል» ተብሎ እዚያው ጋራዥ ቀረ። የማን ክፉ ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ቀን «ጠቅ»።

ተራ መካኒክ ቢሆን እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር። የእኛው ግን ዓይኑን ሳያሽ «እንግዲያው ዲናሞው ነው፤ ባትሪውን አልሞላ ብሎት ነው» አለ። ዲናሞው ተቀየረ። «ጠቅ»። ቁልፍ ማስነሻው ተቀየረ፤ ይኸው እስከዛሬ ለበሩ አንድ፣ ለሞተሩ ሌላ ቁልፍ ይዤ ስዞር የሁለት ቤት አባወራ መስያለሁ። «ጠቅ»። በመጨረሻ ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ራሱ ወርዶ በምትኩ ከአዲስ አበባ «አሮጌ ኦርጅናል» መጣ። ያኛውን ባለቤቱ ለምን እንደጣለው ማሰብ ክፋት ነው፤ ስለዚህ አላሰብኩም። ሁለት ሳምንት ደህና ሠራ። ከዚያ ያችው «ጠቅ»። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እኛ ጋ ዳውላው ተደብድቦ ሲያልቅ ተራው የባለ አህያው ነው። «ጋሼ፣ አትቀየመኝና» አለኝ ሊቁ፣ «አንተ ቁልፍ ስትጠመዝዝ እጅህ ችኩል ነው።»

አፄ ምኒልክ ታድለው! በ1900 ዓ.ም. የገባችላቸው መኪና ሞተሪኖ አልነበራትም፤ በእጅ በሚዞር ብረት ነበር የምትነሳው። ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ ላይ ተገጥሞ ገበያ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ስለዚህ «ግርማዊ ሆይ፣ ባትሪው ነው» ያላቸው ባለሟል አልነበረም።

መለካት የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። ለእኛ አይመጥንም እንጂ። ደህና ባለ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲጎትተው ከ9.6 በታች ከወረደ ያኔ ባትሪውን ማማት ያምርብናል። ቴስተር ለሌለውም መላ አለው፦ ማታ ፓውዛውን ግድግዳ ላይ አብርቶ ቁልፉን መጠምዘዝ። መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደበዘዘ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ የባትሪው ጫፍ ላልቷል፣ ዝጓል። መብራቱ እንደ ፈካ «ጠቅ» ብቻ ካለ ግን ባትሪውን ለቀቅ አድርጎ፣ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ወፍራም ገመድና ሞተሪኖውን ራሱን ማየት ነው። «ጠቅ» የምትለዋም ከሌለች ወደ ቁልፉና ወደ ቀጭኑ ሽቦ ይኬዳል። አንድ ግድግዳና አንድ ረዳት ይበቃል። እንከኑ ምን መሰላችሁ? ግድግዳ ትርፍ የለውም። መብራት አይቶ «ባትሪህ ደህና ነው» የሚል መካኒክ ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው?

የማታ ማታ ነገሩን ያገኘው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። መካኒክ ስላልሆነ መጠየቅ ግድ ሆነበት። «ጠቅታው አንዴ ነው ወይስ ጠቅጠቅጠቅ እያለ ይደጋግማል?» አንዴ ነው። «መብራቱስ?» አይደበዝዝም። ቁልፉን አስጠምዝዞኝ ወደ ሞተሪኖው በሚገባው ቀጭን ሽቦ ላይ ኤሌክትሪኩ መድረሱን ለካ፤ ከዚያ ሞተሪኖውን አውርዶ የኋላ ክዳኑን ፈታ። ውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ ሲጠመዘዝ አንዲት የመዳብ ሳህን ተገፍታ ሁለቱን ታገናኛለች፤ «ጠቅ» የሚለው የእሷ መገፋት ነው። ከ100 አምፔር በላይ በዚያች ንክኪ ስለሚያልፍ መዳቡ በየማስነሻው በብልጭታ ይበላል። የእኔው አንደኛው ቁራጭ እንደ አሮጌ ማጭድ ጎድጉዷል። ሳህኗ አንዱን ነክታ ሌላውን ትስታለች፤ ስትሽከረከር ደህናው ጎኗ የገጠመ ቀን ሞተሩ ይነሳል። የወራት ዕንቆቅልሼ ይህ ነበር። «የድሮውንም አምጣው እስቲ» አለኝ። ከፈተው። እሱም በዚያው በሽታ ነው የተባረረው። ወፍራም መዳብ ቆርጦ፣ ሞርዶ ገጠመልኝ። የጠየቀኝን ሂሳብ እዚህ ብጽፈው ሊቃውንቱ ሙያ አረከሰ ብለው ይከሱታል።

አንዳንዶች የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ የሊቃውንቱ እንጀራ ይዘጋል ብለው ይሰጋሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ስጋቱ ብሷል። ከንቱ ስጋት ነው። እርግጥ ያ መኪና ሞተሩን የሚቀሰቅስለት ሞተሪኖ አያስፈልገውም፤ ወለሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ባትሪ ነው። የጥበባችን ዘመን ገና መምጣቱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሃል ሊቁን አገኘሁትና ሆን ብዬ አጠገቡ ሞተር አጠፋሁ። አስነሳሁ። አጠፋሁ። አስነሳሁ። አንድም «ጠቅ» የለም። ፈገግ ብሎ ኮፈኑን መታ መታ አደረገው።

«አየህ ጋሼ፣» አለኝ፣ «አዲስ ባትሪ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።»