ከቆላ የመጣችው ንግሥት

ድሮ ድሮ፣ ከጣርማበር ገደል በላይ ያለውን ደጋ ፈረሶች፣ ከሥሩ ወደ አዋሽ የሚዘልቀውን የይፋት ቆላ ደግሞ ግመሎች ይገዙት ነበር። ደጋው ገብስ እንጂ ጨው የለውም፤ ቆላው ጨው እንጂ ገብስ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ሸዋ ሮቢት ባለችበት ሜዳ ወርደው እየተገናኙ ይገበያያሉ። ቀረጡን ማን ይሰብስብ በሚለው ግን በየበጋው ይዋጋሉ።

አንድ ዓመት ሁለቱም ወገን ሙታኑን ቀብሮ መጨረስ ሲያቅተው ሽማግሌዎች ገቡበትና የግመሎች ንጉሥ ልጁን ለፈረሶች ንጉሥ ዳረ።

ሙሽራይቱ ዳገቱን ስትወጣ ሰፊ እግሯ በጭቃው እያዳለጣት ደጋግማ በጉልበቷ ወደቀች። ግቢ እንደገባች ስሟን ለወጡት፤ በግራር ቅጠል ፋንታ የገብስ ጭድ አቀረቡላት። ምላሷ እሾህ እየፈለገ ጭዱን አላመጠች። ቋንቋቸውን ተማረች፤ ጸሎታቸውን ከእነሱ አስበልጣ ጸለየች። ልጅ አልወለደችም፤ የሌሎችን ውርንጭላዎች ግን እንደ እናት አሳደገች።

ቢሆንም የሲራራ ነጋዴ በመጣ ቁጥር በአገሯ ቋንቋ ስታነጋግረው ፈረሶቹ “ምሥጢር አወጣች” ይላሉ። ግመሎቹም “ገብስ ለምዳ ረስታናለች” ብለው አሟት።

ንጉሡ ሞተ፤ ወራሹ ሕፃን ስለነበር እሷ በሞግዚትነት አገሩን ያዘች። “ቀረጡን እኩል እንካፈል። ገበያው ከቆመ እኛ ያለ ጨው፣ እነሱም ያለ እህል መቅረታችን ነው” አለች። እሷ እስካስተዳደረች ድረስ ጦር አልወረደም።

ወጣቱ ንጉሥ ሲጎለምስ ቆላ ወርዶ የግመሎችን አበጋዝ ገድሎ በፉከራ ተመለሰ። ደጋው ሁሉ ጨፈረ። አሮጊቷ ንግሥት ግን አስጠርታ “ልጄ፣ የገደልከው አበጋዝ ልጆች አሉት። ነገ የምትጎራበተው ከእነሱ ጋር ነው፤ ዛሬውኑ ካስልኝ” አለችው። መኳንንቱ “ድሮም ለዘመዶቿ ታደላለች” አሉ። ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

የሙት ልጆቹ አድገው ዳገቱን ወጡ። ጎተራው ነደደ፤ ገበያው ተፈታ። ደጋው ጨው፣ ቆላውም እህል አጣ። ፈረሶቹ ለዕርቅ የሚልኩት ቋንቋ አዋቂ ቢፈልጉ አንድም አልተገኘም።

ተረቱ ከታሪክ አይርቅም። ንግሥት እሌኒ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር ይከፍል፣ አንዳንዴም ያምፅ ከነበረው ከሐዲያ የመጡ የሙስሊም ገዥ ልጅ ነበሩ። በክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ክብር አገኙ፤ እ.ኤ.አ. ከ1508 ጀምሮም ለሕፃኑ ዐፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር መሩ። በ1509 መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ለጦር ኅብረት ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ቢልኩም፣ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ግን ሰላምና ንግድን ይመርጡ ነበር። ልብነ ድንግል ራሳቸውን ሲችሉ የዘይላው አሚር ማሕፉዝ ከጦራቸው ጋር ሲዋጋ ሞተ። የማሕፉዝን ልጅ ድል ወንበራን ያገቡት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ እሌኒ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡን ጦር ሰበሩት። ጦርነቱም ይፋትን አዳረሰ።

በይፋት ዛሬም አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገበያያል፣ ይጋባልም። ጠብ በተነሣ ቁጥር ግን ቀድማ የምትጠረጠረው አባቷ ከወዲያ፣ ባሏ ከወዲህ የሆነችው ሴት ናት። ቀድማ መጠየቅ የነበረባት እሷ ነበረች፤ የሁለቱንም ቤት ሐዘን የምታውቀው እሷ ናትና። ሁለት ወገን ያላትን ሴት ከሃዲ የሚል አገር፣ በክፉ ቀን የሚልከው አስታራቂ ያጣል።