ጋቢና ውስጥ ማን የት ይቁም?

እንግሊዝ አገር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። ሽበታም ሰዎች ተራ በተራ ይንበረከካሉ። ጸሎት እንዳይመስላችሁ፤ የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ነው። የሚያጮልቁት የአንዲት የእንፋሎት ባቡር ጋቢና ውስጥ ነው። እዚያ ቁመታቸው 2.3 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ነጂውና ከሰል የሚያጎርሰው ረዳቱ። አንዱ ያያል፣ መነጽሩን ይጠርጋል፣ ደግሞ ያያል። ከዚያ አዳራሹ እንዲሰማው አድርጎ፦ «ነጂው የቆመው በማይሆን ጎን ነው!» ባለሞዴሉ ፊቱ ይቀላል። ሚስቱ ግን ኬክ መሸጧን ትቀጥላለች።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የድሮው የግሬት ዌስተርን ኩባንያ ባቡር ነጂ ቦታው በስተቀኝ ነበር፤ ኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ባሠራቸው ስታንዳርድ ባቡሮች ደግሞ በስተግራ። ዝነኛዋ ፍላይንግ ስኮትስማን ይባስ ብላ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1923 ስትሠራ ነጂዋ በቀኝ ነበር፤ በ1954 ወደ ግራ ተዛወረ። ስለዚህ ሞዴሏን የገዛ ሰው ሙጫውን ከመክፈቱ በፊት ሳሎኑ ውስጥ ዓመቱ ስንት እንደሆነ መወሰን አለበት። በልቤ ጋሽዬ የምላቸው ጎረቤቴ ይህን ሳይወስኑ ክረምቱ አለፈ። ባለቤታቸው «ለነጂው ቦታ እስኪገኝለት እኛ እራት የምንበላበት ጠረጴዛ አጣን» ይላሉ።

ጎኑ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ሰውየው አልገባ ይላል። በብዙ የቆዩ ሞዴሎች ሞተሩ ጋቢናው ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ነጂው ቀጥ ብሎ ከቆመ ጣሪያ ይገጨዋል። መፍትሔው መጋዝ ነው። የቆቡ ቅርጽ ለዘመኑ ይስማማል አይስማማም ብለው መጽሐፍ ሲያገላብጡ ያመሹት ጋሽዬ፣ ሁለቱን ምስኪኖች ከጉልበታቸው በታች ሲቆርጡ እጃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «ከውጭ አይታይም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቆቡ ልክ ነው፤ እግር የለም።

ረዳቱማ የባሰበት ነው። እውነተኛው ረዳት እሳቱን ጥቂት ጥቂት ካጎረሰ በኋላ ቀና ብሎ ውሃውን ያያል፣ ግፊቱን ያያል፣ የመንገዱን ምልክት ያያል። ከፋብሪካ የሚመጣው ትንሹ ረዳት ብዙ ጊዜ አካፋውን ሞልቶ እንዳጎነበሰ ነው፤ ጣቢያ ሲቆሙም፣ ቁልቁለት ሲወርዱም፣ ባቡሯ መደርደሪያ ላይ አቧራ ስትለብስም። ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ብሎ አንዲት አካፋ ከሰል አላጎረሰም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የሌለው መሥሪያ ቤት ካለ እጁን ያውጣ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ምን ላይ እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። እንግሊዞች አብዝተው የሚወዱት «ኦኦ» የሚባለው ሞዴል ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች የሚራራቁት ግን 16.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ወደ እውነተኛው መጠን ቢመለስ ከትክክለኛው 1435 ሚሊሜትር ወደ 18 ሴንቲሜትር ይጠብባል። ኩርባውስ ቢሉ! ጠረጴዛ ላይ እንዲበቃ ሲባል ራዲየሱ 44 ሴንቲሜትር ገደማ ይደረጋል፤ እውነተኛ ቢሆን 33 ሜትር መሆኑ ነው። ፍላይንግ ስኮትስማንን የምታህል ባቡር እዚያ ላይ በፍጥነት ብትመጣ ከነነጂዋ እርሻ ውስጥ ትገባለች። ያን ጊዜ በየት በኩል ቆሞ እንደነበር የሚጠይቅ አይኖርም።

እኛስ ብትሉ፣ ሰርግ ላይ ፎቶ ስንነሳ እንዴት ነን? አክስት በሙሽራው ቀኝ ይቁሙ ወይስ በሙሽሪት ግራ እያልን ስንሟገት ሙሽሮቹ ፀሐይ ላይ ይቀልጣሉ። ፎቶው ሲመጣ ሁሉም በየቦታው ነው፤ ዓይኑን የገለጠ ግን የለም።

በቀደም ጋሽዬ የእንፋሎት ባቡር ለጎብኚ ወደሚነዳበት መስመር ወሰዱኝ። እውነተኛ ባቡር፣ እውነተኛ ጭስ። ጣቢያው ላይ ስትቆም ነጂው ቦታውን ትቶ፣ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ በረዳቱ በኩል ወጣ ብሎ ከተሳፋሪ ጋር ወሬ ጀመረ። «ኧረ ይሄ ሰው ቦታው እዚያ አይደለም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው ድምፅ ነው። ጋሽዬ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች በጥሞና ተመለከቱትና ፈረዱ፦

«ቦታውስ ልክ አይደለም። እግሮቹ ግን በጣም ጥሩ ናቸው።»