የውሃ ሹም

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት በአንድ ሸንጎ በሚተዳደሩበት ዘመን፣ የመንዝ ገደል ነዋሪዎች የሽንኩርት ዘር አገኙ። ወሩ ኅዳር ነበርና ሜዳውን ሌሊት ሌሊት ውርጭ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጃርት ከሰው መንደር የተጣለ፣ ቂጡ የተነደለ ገንቦ እያንከባለለ አመጣ። አፈር ሞልተው፣ ጥቁሩን ዘር በስሱ በትነው፣ ጥቂት አፈር አልብሰው ፀሐይ በሚገባው ዋሻ ውስጥ አኖሩት። ንጉሣቸው ነብርም “የውሃ ሹም ያስፈልገናል” አለ።

መጀመሪያ የተሾመው ጭላዳ ነው። ጭላዳ ሥራው እንዲታይለት ይወዳል። ሸንጎው በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ቅል ሙሉ ውሃ ከላይ ይደፋል፤ ሸንጎውም ያጨበጭባል። ውሃው ግን አፈሩን ቦረቦረው። ገሚሱ ዘር ተንሳፎ ጠርዝ ላይ ተከመረ፤ ከሥር የቀረው መተንፈሻ አጥቶ በሰበሰ። ሽታው ዋሻውን ሲሞላው ጭላዳ፣ “ዘሩ ሰነፍ ነው! ይህን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ እንዴት አይበቅልም?” ብሎ ዘሩን ከሰሰ።

ነብር ጭላዳን ሽሮ ቀበሮን ሾመ፤ ዘርም እንደገና ተዘራ። ቀበሮ፣ “የቀድሞውን ያጠፋው ውሃ ነው፤ እኔ ቆጣቢ ነኝ” አለና አንድ ቀን አርሶ ዝም አለ። በየማለዳው ግን አፈሩን እየጫረ “በቀለ ወይ?” ይላል። ዘሩ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ሥር ሊያወጣ ሲል አፈሩ ደረቀበት። ደረቅ ዘር ወራት ይጠብቃል፤ ነቅቶ የተጠማ ዘር ግን ተመልሶ አይተኛም፣ ይሞታል። ከጥሙ የተረፈውንም የቀበሮ ጥፍር ሥሩን በጠሰው።

በሦስተኛው ዘር ሹመቱን የሚፈልግ ጠፋ። ያን ጊዜ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ፣ “ጃንሆይ፣ እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት ከመሬት ሥር ነው፤ ልሞክረው” አለ። ከጃርት ጋር ተጋግዘው ገንቦውን ውሃ ባቆረ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ውሃው በተነደለው ቂጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተሳበ። የላዩ አፈር ሲጠቁር ገንቦውን አንሥተው ትርፉን አንጠፈጠፉ፤ እርጥበቱ እንዳያመልጥም አፉን በሰፊ ቅጠል ከደኑት። ከዚያ ወዲህ የፍልፈል ሥራ አፈሩን በጣቱ መዳሰስ፣ መድረቅ ሲጀምር እንደገና ማጠጣት ብቻ ሆነ።

ሸንጎው አጉረመረመ። ጅብ ተነሥቶ፣ “ለመሆኑ ሲያጠጣ ያየው ማን ነው? በከንቱ ሹመት ይበላል እንጂ!” አለ። ብዙዎች “እውነት ነው” አሉት።

በዐሥረኛው ቀን ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቶ፣ አረንጓዴ ክር መስሎ ብቅ አለ። ነብር ድግስ አዘዘ። በድግሱ ላይ ጭላዳ ከሁሉ ቀድሞ ቆመና፣ “መሠረቱን የጣልኩት እኔ ነኝ” ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ፍልፈል በዚያ አልነበረም። ቡቃያ ብርሃንና ነፋስ ይሻልና ዋሻው ውስጥ ቅጠሉን ከገንቦው አፍ እያነሣ ነበር።

እናንት ሹም የምትመርጡ፣ ስንት ቅል ውሃ እንደ ደፋ አትጠይቁ፤ ስንት ዘር እንደ በቀለለት ጠይቁ።